«የጎደለን ሰባት ሺህ ብቻ ነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ባለቤቴ 54 ዓመቱ ነው፤ ኡበር ይነዳል። እኔ ሆስፒታል ምግብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሦስት ልጆች አሉን። ትልቋ ዘንድሮ ሃይስኩል ትጨርሳለች። ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ሦስት ቦታ አመልክታ ሦስቱም ተቀበሏት። አንዱ ማሳቹሴትስ ያለ የግል ኮሌጅ ነው። የዓመት ወጪው 62,000 ዶላር ነው፤ በላኩልን ደብዳቤ ላይ ግን እርዳታው 55,000 ይላል። የጎደለን ሰባት ሺህ ብቻ ነው። ሁለተኛው እዚሁ ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የሰጣት 8,000 ነው። ሦስተኛው ኖቫ ነው፤ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ። ባለቤቴ «27,000 ስኮላርሺፕ የሰጣትን ትተን ወዴት ነው የምንሄደው? ሰባቱን ሺህ ከዕቁብ እንሞላዋለን» ይላል። ልጄም ልቧ እዚያው ነው። የኖቫን ስም ስጠራባት ታለቅሳለች። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ወገቡን ታሞ አራት ወር አልሠራም። የ10,000 ዶላር ዕቁብ በሜይ ይደርሰኛል። መልስ የምንሰጠው እስከ ሜይ 1 ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ልብዎ ያላረፈው ያለ ነገር አይደለም። የደብዳቤዎቹን ፎቶ አብረው መላክዎ በጀ። ቡናዬን ይዤ መስመር በመስመር ሄድኩባቸው።

የማሳቹሴትሱ ከላይ «የገንዘብ እርዳታዎ» ይላል። ከሥሩ አራት መስመር አለ። የኮሌጁ ስኮላርሺፕ፣ 27,000። ፌዴራል ዳይሬክት ሎን፣ 5,500። ወርክ ስተዲ፣ 2,500። ፓረንት ፕላስ፣ 20,000። ተደምሮ 55,000። አራቱም የተጻፉት በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ቀለም ነው። ስንዴውም ገለባውም በአንድ ሰፌድ ቀርቦልዎታል። ከአራቱ ስጦታ የሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ዳይሬክት ሎን ልጅዎ በራሷ ስም የምትበደረው ነው። ወርክ ስተዲ ደግሞ የሥራ ዕድል ነው። ካምፓስ ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ወይም ካፌ ተቀጥራ በሰዓት ታገኘዋለች። ሥራው ካልተገኘ ገንዘቡም የለም። ደግሞ ቢሉ ሲመጣ ገና አንድ ሰዓት አልሠራችም። ፓረንት ፕላስ የሚባለው የእናንተ የወላጆቿ ዕዳ ነው። እንግዲህ ከ62,000 ላይ 27,000 ይቀንሱ። የጎደላችሁ ሰባት ሺህ ሳይሆን ሠላሳ አምስት ሺህ ነው። ያውም በየዓመቱ።

ፓረንት ፕላስ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቤታችንን የሚያናጋው እሱ ነው። ደብዳቤው ላይ ስለተጻፈ የተፈቀደላችሁ ይመስላል። ገና ነው። ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል፣ የክሬዲት ታሪክም ይታያል። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ወደ 4 በመቶ ገደማ ለመንግሥት ይቆረጣል። ወለዱ ሰሞኑን ወደ 9 በመቶ የሚጠጋ ነው፤ መቁጠር የሚጀምረውም ገንዘቡ ከወጣበት ቀን አንሥቶ ነው። ፈራሚው ወላጅ ነው። ልጅቷ ነርስ ሆና ብትቀጠርም ዕዳው በሕግ ወደ እሷ አይዞርም። «እሷ ትከፍለዋለች» የሚለው የቤተሰብ ስምምነት እንጂ የባንክ ስምምነት አይደለም።

አዲስ ነገርም አለ። እስካሁን ወላጅ እስከ ኮሌጁ ሙሉ ወጪ ድረስ መበደር ይችል ነበር። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ ግን አዲስ ተበዳሪ ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በላይ አይሰጠውም። እስቲ አራቱን ዓመት አብረን እንቁጠር። አንደኛ ዓመት ሃያ፣ ሁለተኛ ሃያ፣ ሦስተኛ ሃያ። ስልሳ ሞላ። ለአራተኛው ዓመት የቀረችው አምስት ሺህ ናት። ልጅቷ ለመመረቅ አንድ ዓመት ሲቀራት 15,000 ዶላር ቀዳዳ ይጠብቃችኋል ማለት ነው። ይሄን ደብዳቤው አይነግርዎትም፤ እሱ የሚያወራው ስለ አንደኛ ዓመት ብቻ ነው። ክፍያው ደግሞ በየዓመቱ ከፍ ይላል፣ ስኮላርሺፑ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆማል። ስንት ነጥብ ካመጣች እንደሚቀጥልም ይጠይቁ። የነርሲንግ ኬሚስትሪ ስንቱን ስኮላርሺፕ እንደበላ እኔ አውቃለሁ።

65,000 ዶላር በ9 በመቶ ወለድ በ20 ዓመት ቢከፈል በወር ወደ 585 ዶላር ይመጣል። ሲጠቃለል ከ140,000 ያልፋል። ትምህርት ላይ እያለች የሚቆጥረውን ወለድ ሳልጨምር ነው። በገቢ ልክ የሚከፈልበት መንገድም ለአዲስ የወላጅ ብድር ቀርቷል። ባለቤትዎ ዛሬ 54 ናቸው። ስትመረቅ 58 ይሆናሉ። በላዩ 20 ዓመት ይጨምሩበት። በ78 ዓመታቸው፣ በዚያ ወገብ፣ ኡበር እየነዱ?

ባለቤትዎን ግን «አላልኩህም?» እንዳይሏቸው። ስህተታቸው የመጣው ከአገር ቤት ነው፤ እኔም ያው ነበርኩ። እኛ ኮሌጅ መርጠን አናውቅም። ፈተና ተፈተንን፣ ፎርም ሞላን፣ መንግሥት መደበን። «ጅማ ደረሰኝ»፣ «ባሕር ዳር ደረሰኝ» ይባል ነበር፤ ዩኒቨርሲቲም እንደ ዕቁብ ነበር የሚደርሰው። ዋጋ የሚባል ነገር ጠረጴዛ ላይ አልነበረም። ወጪ መጋራት ከመጣ በኋላ እንኳ ሰው የሚከራከረው በትምህርት ክፍሉ እንጂ በሒሳቡ አልነበረም። ስለዚህ «ተቀበሏት» ስንባል ጆሮአችን የሚሰማው «ደረሳት» ነው። የደረሰን ነገር መመለስ ደግሞ ነውር ይመስለናል። እዚህ አገር መቀበል ማለት ሱቁ በሩን ከፈተ ማለት ነው። ዋጋው ገና አልተነገረም። 27,000 ሰማን ብለን እልል የምንለው ለዚህ ነው። 35,000 ቅናሽ ያለው መኪና 10,000 ቅናሽ ካለው ሊወደድ እንደሚችል እኮ ባለቤትዎ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ደብዳቤ። «8,000 ብቻ» ብለውኛል። ስምንቱ ሺህ ግን ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል እርዳታና የስቴቱ እርዳታ ነው፤ ንጹሕ ስጦታ። ብድሩን ለብቻው፣ ከታች ነው የጻፉት። እንደዚህ ዓይነት ደብዳቤ ሲያነቡት ያነሰ ይመስላል፣ ሐቀኛ ስለሆነ ነው። ትምህርቱና ልዩ ልዩ ክፍያው 14,500 ነው። ዶርምና ምግብ ሲጨመር 33,000 ይደርሳል። ቤት ሆና ብትማር 14,500 ሲቀነስ 8,000፣ 6,500 ይቀራል። እሷ የምትበደረው 5,500 ሲገባበት እናንተ ከኪስ የምታወጡት 1,000፣ መጽሐፍና ትራንስፖርት ነው። አንድ ነገር ግን ይጠይቁ፤ ቤት ስትኖር የእርዳታው መጠን ይቀንስ እንደሆነ።

የእሷን 5,500 እኔ አልፈራውም። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ የተፈቀደው ጣሪያ ያ ነው። ሁለተኛ ዓመት 6,500፣ ከዚያ በኋላ በዓመት 7,500 ይሆናል። አራቱን ዓመት ብትበደር 27,000 ነው። ለነርስ ደመወዝ የሚቻል ዕዳ ነው። ከፊሉም እስክትመረቅ ድረስ ወለዱን መንግሥት የሚከፍለው ዓይነት ነው። ዕዳው በእሷ ስም መሆኑም አይከፋም፤ ክፍል ለመቅረት ስታስብ ትዝ ይላታል።

ስለ ኖቫ ደግሞ ልጅቷን አይፍረዱባት። በእኛ ሰው ዘንድ ኖቫ «የትም ያልሆነለት» የሚሄድበት ተደርጎ ይወራል። ቅዳሜ ማኅበር ላይ «ልጅሽ የት ገባች?» ሲባል ምላስ የሚይዝ ነገር አለው። የሚገርመው ጠያቂዋ ራሷ ነርሲንጓን የተማረችው እዚያው ሊሆን ይችላል። በዓመት ክፍያው 6,000 ዶላር ገደማ ነው፤ ፔሉ ሲገባበት ከኪስ የሚወጣው ትንሽ ነው። ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓሱ የሁለት ዓመት ነርሲንግ አለ። እዚያ የጨረሰችም አራት ዓመት የተማረችም ለነርስነት ፈቃድ የሚፈተኑት አንድ ፈተና ነው። ዲግሪዋን እየሠራች ማሟላት ትችላለች፤ ለሠራተኛው የትምህርት ወጪ የሚያግዝ ሆስፒታልም አለ። ግን ሰውን በባዶ ተስፋ አልሞላም፤ ለዚያ ነርሲንግ መግባት ራሱ ውድድር ነው።

ከኖቫ ወደ ትልልቆቹ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያሻግር ስምምነትም አለ። የሁለት ዓመት ዲግሪዋን በተባለው ነጥብ ከጨረሰች ቦታዋ የተጠበቀ ነው። ከጆርጅ ሜሰን ጋር ደግሞ ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። ስምምነቱ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያደርሳታል እንጂ ብዙ ጊዜ ነርሲንግ ክፍል ውስጥ አያስገባትም።

ይሄ የመጨረሻው ነገር ከገንዘቡ እኩል ያሳስበኛል፤ ለሦስቱም ቦታ ይሠራል። የወንድሜ ልጅ ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ኮሌጅ «ነርሲንግ ገባ» ተብሎ ድግስ ደገስንለት። ዳቦ ተቆረሰ፣ ሽማግሌ መረቀ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈውን አንዲት ቃል ግን ማናችንም አላስተዋልንም። «ፕሪ» ትላለች። ፕሪ ነርሲንግ። ሁለት ዓመት ተምሮ ባዮሎጂውን አናቶሚውን ጨርሶ ለእውነተኛው ነርሲንግ ሲያመለክት ቦታ ሞልቷል አሉት። ነጥቡ መጥፎ አልነበረም፤ ከእሱ የበለጡ በዙ። ዕዳው ይዞት ቀረ፣ ትምህርቱን ለወጠ። ዛሬ ደህና ሥራ ላይ ነው፤ ነርስ ግን አይደለም።

ስለዚህ ልጅዎ ለግል ኮሌጁም ለመንግሥቱም ዩኒቨርሲቲ ደውላ ይሄን ትጠይቅ፤ «አሁን የገባሁት ነርሲንግ ውስጥ ነው ወይስ እንደገና አመለክታለሁ? እንደገና ከሆነ አምና ስንት ሰው አመልክቶ ስንቱ ገባ?» መልሱን በኢሜይል እንዲጽፉላት ትለምናቸው። የተመራቂዎቻቸው የፈቃድ ፈተና ውጤትም ይታያል። የቨርጂኒያ ነርሲንግ ቦርድ በየትምህርት ቤቱ አድርጎ ያወጣዋል፤ ለማሳቹሴትሱ የዚያን ስቴት ቦርድ ትፈልግ። በመጀመሪያ ሙከራ ስንት በመቶው እንዳለፈ ያኔ ይገባችኋል። የካምፓሱ ሣር አረንጓዴ መሆኑን ብሮሹሩ ላይ አይታችኋል፤ ያ ይበቃል።

የግል ኮሌጁን ጨርሰን አንጣለው። አንድ የምትሞክሩት ነገር አለ፤ ሰው ግን አያውቀውም። ዘንድሮ የሞላችሁት ፋፍሳ፣ ማለትም የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻው፣ ያየው የ2024 ታክሳችሁን ነው። ባለቤትዎ የታመሙት ባለፈው ዓመት ነው። ኮሌጁ የሚያውቃቸው ጤነኛ ሆነው ሙሉ ዓመት የነዱትን ሰውዬ ነው ማለት ነው። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ይሄን ዓይነት የገቢ ለውጥ አይቶ ሒሳቡን እንደገና የመሥራት ሥልጣን በሕግ አለው። ጠይቁ። የሐኪም ወረቀት፣ ከኡበር የመጣውን የ2025 ፎርም 1099፣ የ2025 ታክሱንና ከኪስ የተከፈለ የሕክምና ደረሰኝ አያይዙ። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል፤ ታሪክ አታስረዝሙ። «ከእገሌ ወር እስከ እገሌ ወር አልሠራም፣ ገቢያችን ከዚህ ወደዚህ ወርዷል» በቃ። ለመንግሥቱም ዩኒቨርሲቲ ይኸው ደብዳቤ ይሂድ፤ ፔሉ ራሱ ከፍ ሊል ይችላል።

ለግል ኮሌጁ የመንግሥቱን ደብዳቤ ማሳየትም ነውር የለውም። «ልጃችን እናንተን ትመርጣለች፣ ልዩነቱ ግን ይሄን ያህል ነው» ማለት ነው። መርካቶ ዋጋ ያስቀነሰ ሰው እዚህ ለምን ያፍራል? አይሆንም ቢሉ የሰጡትን መልሰው አይወስዱባችሁም። እኔን ከጠየቁኝ ግን ሠላሳ አምስቱ ሺህ አሥር አካባቢ ካልወረደ፣ ያውም አራት ዓመት እንደሚዘልቅ ካልታወቀ፣ እኔ ብሆን አልፈርምም። የመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ነርሲንግ ካስገባት እሱ ነው ምርጫዬ፤ ከቤት እየተመላለሰች። «ፕሪ» ከሆነ ደግሞ ያንኑ የውድድር ዕድል በግማሽ ዋጋ ከኖቫ መጀመር ያዋጣል።

ሁለት ታናናሾች አሏት። «ሁለተኛው ኮሌጅ ሲገባ እርዳታው ይጨምራል» የሚል ሰው አይጠፋም። ድሮ እውነት ነበር። ከ2024 ወዲህ ፋፍሳ ስንት ልጅ ኮሌጅ እንዳላችሁ ቆጥሮ ድርሻችሁን አያካፍልም። ለትልቋ የፈረማችሁት ዕዳ ለታናናሾቿም ይተርፋል ማለት ነው፤ በመጥፎ በኩል።

አሁን ከባዱ። ለልጅቷ ማን ይነግራታል? ሁለታችሁም፣ አብራችሁ፣ በተረጋጋ ቀን። በመኪና መንገድ ላይ አይሁን፣ እንግዳ ባለበትም አይሁን። ብዙዎቻችን ለልጅ የቤታችንን ገቢ አንነግርም። አሳዳጊ የሆነ ሁሉ «አንቺ ብቻ ተማሪ» ይላል። እሷም ያንን አምና ነው ማሳቹሴትስ ድረስ ያመለከተችው፤ ማንም ልክ አልነገራትም። ከእሷ ጋር ከመቀመጣችሁ በፊት እርስዎና ባለቤትዎ አንድ ቁጥር ላይ ተስማሙ። በወር ሳይጨንቃችሁ ስንት? አራት መቶ ከሆነ በዓመት 4,800 ነው። ባዶ ወረቀት አውጡ፣ ቁጥሩን ከላይ ጻፉ። ከዚያ ብዕሩን ለእሷ ስጧት። የሦስቱን ኮሌጅ ወጪ እሷ ትጻፍ፣ ስጦታውን እሷ ትቀንስ፣ በአራት እሷ ታባዛ። የአባቷን ዕድሜም ከጎኑ ትጻፈው። የ18 ዓመት ልጅ ሒሳቡን በገዛ እጇ ስትሠራው እናንተ ስትነግሯት ከምትሰማው ሌላ ነው የሚሆንባት። ብታለቅስ ታልቅስ። ዶርም መግባት ናፍቋት ይሆናል፣ ከእኛ ከሐበሻ ወላጆች ዓይን ትንሽ ራቅ ማለት ናፍቋት ይሆናል። ይሄ በደል አይደለም። ቤት ሆና ከተማረች የመመለሻ ሰዓቷንና ታናናሾቿን የመጠበቁን ጉዳይ ያኔውኑ ተነጋገሩበት። ቤት ያለች ተማሪ የቤት ሠራተኛ ስትሆን አይቻለሁ።

እግረ መንገዴን፣ ኮሌጅ ከገባች በኋላ ውጤቷን ኮሌጁ ለእናንተ አይልክም። እናንተ ብትከፍሉም በሕግ የእሷ ነው። ፈቃድ የምትሰጥበት ፎርም አለ፤ መፈረም አለመፈረሟ የእሷ ፋንታ ነው፣ በጉልበት አይሆንም።

ሜይ 1 ሩቅ አይደለም። ስለ ገቢ ለውጡ የምትጽፉት የይግባኝ ደብዳቤ ነገውኑ ይሂድ። መልሱ እስከዚያ የማይደርስ ከመሰለ ዲፖዚት የሚከፈልበት ቀን እንዲራዘም በኢሜይል ጠይቁ፤ ብዙ ኮሌጅ አንድ ሁለት ሳምንት ይጨምራል። ሁለት ቦታ ዲፖዚት አታስይዙ።

ዕቁቡን በተመለከተ ደግሞ፣ በሜይ አይውሰዱት። ቢል የሚመጣው ክረምቱ መጨረሻ ላይ፣ ጁላይና ኦገስት ነው። በሜይ እጅዎ የገባ አሥር ሺህ እስከዚያ ድረስ ጎማና የመኪና ኢንሹራንስ ሆኖ ያልቃል። የኦገስት ባለተራ ማን እንደሆነ ዳኛውን ይጠይቁና ይቀያየሩ። በሜይ ሠርግ ያለበት ሰው አይጠፋም።